ኤክሴል በጆሮ፦ ስክሪን ሪደር የሚጠቀሙ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ራሴ ዓይነ ስውር ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ የምውለው ከሰንጠረዥ ጋር ነው። እነዚህን ጥያቄዎች ደጋግሜ ስለምጠየቅ አንድ ቦታ ላይ ላስቀምጣቸው ብዬ ነው። በብዛት የማወራው ዊንዶውስ ላይ ኤክሴልን፣ ማለትም የሰንጠረዥ ፕሮግራሙን፣ ከኤንቪዲኤ ጋር ስለመጠቀም ነው (ኤንቪዲኤ ስክሪን ሪደር ነው፤ ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ ያነብልናል)፤ እጄ የለመደው እሱን ስለሆነ። "ኮንትሮል+ሆም" ስል ሁለቱን አንድ ላይ መጫን ነው። "የኤንቪዲኤ ቁልፍ" የምለው ኢንሰርትን ነው፤ ካፕስ ሎክ እንዲሆንለት ያስተካከለ ሰው ደግሞ ካፕስ ሎክን ይጫን።

ማየት የማይችል ሰው ኤክሴል ላይ መሥራት ይችላል እንዴ?

ይችላል። ይሄን የሚጠይቁት ዓይናማዎች ብቻ ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል። ዎርድና ኢሜይል ላይ እንደ መብረቅ የሚፈጥኑ ዓይነ ስውራን ኤክሴል ሲከፈት እጃቸው ይተሳሰራል። እኔ ግን ኤክሴል ከብዙ ፕሮግራሞች ይልቅ ለእኛ ይመቻል ባይ ነኝ። እያንዳንዱ ሴል (የሰንጠረዡ አንዷ ሳጥን) ከኮለሙ (ከዓምዱ) ፊደልና ከረድፉ ቁጥር የተሠራ አድራሻ አለው። ሲ14 ዛሬም ሲ14 ነው፣ ነገም እዚያው ነው። ማውስ ካልያዝክ ሞቼ እገኛለሁ የሚል ሥራ ደግሞ የለውም ማለት ይቻላል።

የሚከብደው ሌላ ነው። ዓይናማ ሰው ሺቱን (የሰንጠረዡን ገጽ) ሲከፍት ቅርጹን በአንዴ ያያል። ርዕሱ የት እንዳለ፣ ዝርዝሩ የት እንደሚያልቅ፣ ጥግ ላይ የተወሸቀች ማስታወሻ ካለች እሷንም። እኛ በአንድ ጊዜ የምንሰማው አንድ ሴል ብቻ ነው። የማናውቀው ቤት ስንገባ መጀመሪያ ግድግዳውን ዳሰስ ዳሰስ እንደምናደርገው ሺቱንም መጀመሪያ መዞር አለብን። ከታች ያለው ነገር ሁሉ ዞሮ ዞሮ ከዚህ የመጣ ነው።

የቱን ስክሪን ሪደር ልጠቀም?

ያላችሁን። ኤንቪዲኤ በ2006 የተጀመረ፣ ነፃና ኮዱ ክፍት የሆነ ፕሮግራም ነው። ጆውስ ለዊንዶውስ የወጣው በ1995 ነው፤ ይከፈልበታል፣ ፈቃድ ሳይገዙ ግን ኮምፒውተሩን አጥፍቶ እያበሩ በ40 ደቂቃ 40 ደቂቃ መሞከር ይቻላል። ናሬተር ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ይመጣል፤ ዊንዶውስ+ኮንትሮል+ኢንተር ስትጫኑ ይነሳል። የሰው ኮምፒውተር ላይ ስትቸገሩ እሱ ይደርስላችኋል። ማክ ላይ ቮይስኦቨር አለ፣ ሊኑክስ ላይ ኦርካ አለ። "የቱ ይሻላል" የሚለው ክርክር ማለቂያ የለውም፤ እኔ ውስጡ አልገባም። የኤክሴል የራሱ አቋራጭ ቁልፎች ዊንዶውስ ላይ እስከሆናችሁ ድረስ ከየትኛውም ጋር አንድ ናቸው፣ ትልቁ ሥራም እነሱን መልመድ ነው።

አዲስ ፋይል ሲደርሰኝ ከየት ልጀምር?

ቀስት እየተጫናችሁ አትጀምሩ! አንድ የኤክሴል ሺት 1,048,576 ረድፍና 16,384 ኮለም አለው። በቀስት እየሄዳችሁ "ባዶ፣ ባዶ፣ ባዶ" ስትሰሙ ብትውሉ ሺቱ ባዶ ይሁን እናንተ ጠፍታችሁ ይሁን አታውቁትም።

እኔ እንዲህ ነው የማደርገው። መጀመሪያ ስንት ሺት እንዳለ አያለሁ። ኮንትሮል+ፔጅ ዳውን ወደሚቀጥለው ሺት ይወስዳል፣ ኮንትሮል+ፔጅ አፕ ይመልሳል። ወይም የኤንቪዲኤ ቁልፍ+ኤፍ 7 ስትጫኑ የሚከፈተው ዝርዝር ውስጥ ሺቶቹን፣ ፎርሙላ ያለባቸውን ሴሎች፣ ኮሜንቶችንና ቻርቶችን ለየብቻ ያስቀምጥላችኋል። ሌላ ሰው የላከው ፋይል ላይ ይሄን ሳላይ ሥራ አልጀምርም። ሁለተኛው ሺት ላይ "የመጀመሪያውን ሺት አትንኩ" የሚል ማስታወሻ ያገኘሁት አንዴ አይደለም።

ከዚያ ኮንትሮል+ኤንድ። ይሄ ጥቅም ላይ ወደዋለው የመጨረሻ ሴል ይወስዳል። "ኤፍ 212" ካለኝ ስድስት ኮለምና ወደ 200 ገደማ ረድፍ እንዳለ ገባኝ ማለት ነው። አንዳንዴ ግን ይዋሻል። ዝርዝሩ 40 ረድፍ ሆኖ ሳለ ረድፍ 9,000 ላይ ወስዶ ይጥላችኋል፤ አንድ ሰው በሆነ ዘመን እዚያ ያለች ሴል ቀለም ቀብቶ ወይም መስመር አስምሮ ሄዷል። ኤክሴል ያቺን ሁሉ "ጥቅም ላይ የዋለ" ብሎ ይቆጥራል።

ቀጥሎ ኮንትሮል+ሆም ብዬ ወደ ኤ1 እመለስና በኮንትሮል+ቀስት እሮጣለሁ። ኮንትሮል+ታች ቀስት ዳታው እስከሚቋረጥበት ድረስ ይወርዳል። ኮለም ኤ ላይ ረድፍ 212 ከደረሰ፣ ኮለም ሲ ላይ ግን ረድፍ 87 ላይ ከቆመ፣ ሲ88 ባዶ ነው። ዓይናማው በዓይኑ የሚያየውን ክፍተት እኔ ጉዞው ሲቋረጥ አውቀዋለሁ። ይሄ ሁሉ ሲለመድ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ቁጥሩን ይነግረኛል፣ የምን ቁጥር እንደሆነ ግን አይነግረኝም። ምን ይሻላል?

እስቲ አስቡት፤ የተማሪዎች ውጤት ያለበት ሺት ላይ ናችሁ፣ ጂ56 ላይ ቆማችሁ "34" ይላል። የማን 34? የትኛው ፈተና? ወደ ላይ 55 ረድፍ ወጥታችሁ ርዕሱን ሰምታችሁ ስትመለሱ ቁጥሩን ረስታችሁታል። ብዙ ሰው ኤክሴልን የሚጠላው እዚህ ጋ ነው፣ መፍትሔው ግን አንድ ቁልፍ ነው።

የኮለም ርዕሶች ባሉበት ረድፍ የመጀመሪያዋ ሴል ላይ ሁኑ፣ ለምሳሌ ኤ1 ላይ። የኤንቪዲኤ ቁልፍ+ሺፍት+ሲ ተጫኑ። በቃ። ከዚህ በኋላ ከኮለም ወደ ኮለም ስትሄዱ ርዕሱን ከይዘቱ ጋር ይነግራችኋል። ስሞቹ በግራ በኩል ኮለም ኤ ላይ ከሆኑ ደግሞ የስሞቹ መጀመሪያ ላይ ሆናችሁ የኤንቪዲኤ ቁልፍ+ሺፍት+አር። አሁን ወደ ታች ስትወርዱ የእያንዳንዱን ሰው ስም ከውጤቱ ጋር ትሰማላችሁ። ተሳስታችሁ ሌላ ሴል ላይ ከጫናችሁት እዚያው ሴል ላይ ሁለቴ ቶሎ ቶሎ ስትጫኑት ይሰረዛል።

ደስ የሚለው፣ ይሄ ምልክት እናንተ ኮምፒውተር ላይ ሳይሆን ፋይሉ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ሴቭ አድርጋችሁ ብትልኩት በጆውስ የሚከፍተውም ሰው ርዕሶቹን ይሰማል። እኔ ለሌላ ዓይነ ስውር ፋይል ስልክ ይሄን ሳላደርግ አልልክም፤ ጨዋነት ነው።

ካልሠራ የኤንቪዲኤ ቁልፍ+ኮንትሮል+ዲ ተጭናችሁ የዶኪዩመንት ፎርማቲንግ ቅንብር ውስጥ የቴብል ሄደር ንባብ ጠፍቶ እንደሆነ አረጋግጡ።

"ቢ12፣ ቢ13" ማለቱ ሰለቸኝ። አድራሻውን ላጥፋው?

ማጥፋት ይቻላል፣ እዚያው ዶኪዩመንት ፎርማቲንግ ውስጥ ነው። እኔ ግን አታጥፉት እላለሁ። አድራሻው ብዙ ሐሜት ያወራል። ከሲ ወደ ኤፍ ከዘለለ ዲ እና ኢ ተደብቀዋል። ከረድፍ 4 ወደ 17 ከዘለለ ፊልተር (ማጣሪያ) በርቷል ወይም ረድፎች ተደብቀዋል። ይሄን የሚነግራችሁ ሌላ ድምፅ የለም። የሚያሰለች ከሆነ ንግግሩን አፍጥኑት እንጂ አፉን አትዝጉት።

ቀስት ስጫን ጭራሽ ዝም አለ። ተበላሸ?

መጀመሪያ ስክሮል ሎክን ጠርጥሩ። ስክሮል ሎክ ከበራ ቀስቶቹ ስክሪኑን ያንሸራትታሉ እንጂ ከሴል ወደ ሴል አይወስዱም። ዓይናማው ሺቱ ሲንቀሳቀስ ያያል፣ እናንተ ዝምታ ትሰማላችሁ። አንዴ ግማሽ ቀን ሙሉ ኤንቪዲኤን እያጠፋሁ እያበራሁ፣ ኮምፒውተሩን ሪስታርት እያደረግሁ ከዋልኩ በኋላ ነው ያቺን ቁልፍ በክርኔ እንደነካኋት የገባኝ።

ፋይሉ ከኢሜይል ወይም ከኢንተርኔት የወረደ ከሆነ ደግሞ ፕሮቴክትድ ቪው ላይ (ለጥንቃቄ ማስተካከል በተዘጋበት ሁኔታ) ተከፍቶ ይሆናል። እዚያ ውስጥ ስክሪን ሪደር አንዳንዴ ይወላገዳል። የፋይሉን ምንጭ የምታምኑት ከሆነ ኤፍ 6 እየተጫናችሁ "ኢኔብል ኤዲቲንግ" የሚለው በተን ላይ ስትደርሱ ኢንተር በሉት።

ሦስተኛው ዝም ማለት ሳይሆን ማብዛት ነው። በተንቀሳቀሳችሁ ቁጥር "ከዚህ እስከዚያ ተመርጧል" የሚል ከሆነ ኤፍ 8 ነክታችኋል። ኢስኬፕ በሉት፣ ይለቃችኋል።

ሴሉ ውስጥ አንድ ፊደል ላስተካክል ስል የነበረው ሁሉ ጠፋ።

ሴል ላይ ቆማችሁ ዝም ብላችሁ ከጻፋችሁ የነበረው ይተካል። ለማስተካከል መጀመሪያ ኤፍ 2። ያኔ ቀስቶቹ ሴሉ ውስጥ በፊደል በፊደል ይሄዳሉ። ሐሳብ ከቀየራችሁ ኢስኬፕ፣ ምንም እንዳልተነካ ይመለሳል። ከጠፋ በኋላ ኮንትሮል+ዜድ።

ብዙ ዳታ የምታስገቡ ከሆነ ይቺን ልመዱ። አንዱን ሴል ጽፋችሁ ታብ፣ ሌላውን ጽፋችሁ ታብ እያላችሁ ረድፉን ጨርሱና ኢንተር በሉ። ከጀመራችሁበት ኮለም ሥር፣ የሚቀጥለው ረድፍ ላይ ራሱ ያወርዳችኋል። ወደ ግራ በቀስት መመለስ ቀረ።

ፎርሙላ እንዴት ልጻፍ? እንዴትስ ላንብብ?

ሴል ላይ ስትደርሱ ኤንቪዲኤ ውጤቱን ያነብና ፎርሙላ እንዳለበት ይነግራችኋል። ፎርሙላውን ራሱን ለመስማት ኤፍ 2 ብላችሁ በቀስት እለፉበት፣ ሲበቃችሁ ኢስኬፕ። ኢንተር አትበሉ፤ ሳታውቁ የነካችሁት ነገር ካለ ያጸድቀዋል። ሺቱ ላይ ያለውን ፎርሙላ ሁሉ ማየት ከፈለጋችሁ ኮንትሮልን ይዛችሁ ከ1 ቁጥር በስተግራ ያለችውን ቁልፍ ተጫኑ። ሴሎቹ በውጤት ፋንታ ፎርሙላቸውን ያሳያሉ። መልሳችሁ ስትጫኑ ወደ ነበረበት ይመለሳል።

ለፎርሙላ የሥርዓተ ነጥብ ንባቡን ከፍ አድርጉት። የኤንቪዲኤ ቁልፍ+ፒ ደረጃውን ይቀያይራል። "ሁሉንም" ላይ ካላደረጋችሁት ቅንፍና ኮማ ሊዘለል ይችላል፤ ፎርሙላ ውስጥ ደግሞ የሚያጣላው አንድ የተረሳ ቅንፍ ነው። እኔ ለኤክሴል ብቻ የተለየ ፕሮፋይል አለኝ። የኤንቪዲኤ ቁልፍ+ኮንትሮል+ፒ ተጭኖ መፍጠር ይቻላል። ኤክሴል ሲከፈት ንግግሩ ዝግ ይላል፣ ነጥቡም ሁሉ ይነበባል፤ ወደ ብራውዘር ስመለስ ወደ ፈጣኑ ይመለሳል።

አሁን ሁሉንም ጀማሪ ስለሚያስለቅሰው ነገር። ፎርሙላ እየጻፋችሁ አንድ ፊደል ተሳስታችሁ፣ ልመለስ ብላችሁ የግራ ቀስት ስትጫኑ ኤክሴል ወደ ኋላ አይመለስም፤ ጎረቤት ሴልን የመረጣችሁ መስሎት አድራሻዋን ፎርሙላው ውስጥ ይጽፋል። ድንገት ከየት እንደመጣ የማታውቁት "ቢ7" ይገባል። መጀመሪያ ኤፍ 2 ተጫኑ፣ ቀስቶቹ ፎርሙላው ውስጥ ይንቀሳቀሳሉ። መልሳችሁ ኤፍ 2 ስትሉ ሴል ወደ መምረጥ ይመለሳሉ። ይሄን ከማወቄ በፊት ፎርሙላ የምጽፈው ኖትፓድ ላይ ነበር፣ ገልብጬ ነበር የማመጣው፤ አሁን ሳስበው ይገርመኛል።

ለቀላል ድምር አልት+እኩል ይሆናል በሉ፣ ከላይ ያሉትን ቁጥሮች ራሱ ይገምታል። የገመተውን ሳትሰሙ ግን ኢንተር አትበሉ፣ መሃል ላይ ባዶ ሴል ካለ እዚያው ይቆማል። ለአንድ ጊዜ ድምር ፎርሙላም አያስፈልግም። ቁጥሮቹን ምረጡና ስታተስ ባሩን (ከታች ያለውን የመረጃ መስመር) አንብቡ፤ ዴስክቶፕ የኪቦርድ አቀማመጥ ላይ የኤንቪዲኤ ቁልፍ+ኤንድ፣ ላፕቶፕ ላይ ሺፍት ጨምሩበት። አማካዩን፣ ብዛቱንና ድምሩን ይነግራችኋል።

አንድ ምክር፦ ለሴሎች ስም ስጡ። ኮንትሮል+ኤፍ 3 የስሞቹን መዝገብ ይከፍታል። "ዲ2 ሲባዛ በኢ2" ከመስማት "ብዛት ሲባዛ በዋጋ" መስማት በስንት ጣዕሙ።

ድምሩ የተሳሳተ ነው። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ሰማኋቸው፣ ልክ ናቸው!

ምናልባት ግማሾቹ ቁጥር ሳይሆኑ ጽሑፍ ናቸው። ከሌላ ፕሮግራም የመጣ ዳታ ላይ የተለመደ ነው። ጽሑፍ የሆነው 45 እና ቁጥር የሆነው 45 በጆሮ አንድ ናቸው። ሰም የሚባለው ፎርሙላ ግን በሴል ክልል ውስጥ ያለውን ጽሑፍ ዘሎት ያልፋል። ዓይናማው ሴሉ ጥግ ላይ ያለችውን አረንጓዴ ምልክት ያያል፣ ወይም ቁጥሩ ወደ ግራ መጠጋቱን።

የእኛ ዘዴ መቁጠር ነው። ባዶ ቦታ ላይ ሁለት ፎርሙላ ጻፉ፤ አንዱ ካውንት፣ ሌላው ካውንት ኤ፣ ሁለቱም ያንኑ ኮለም ከርዕሱ በታች ይቁጠሩ። የመጀመሪያው ቁጥሮችን ብቻ ይቆጥራል፣ ሁለተኛው ባዶ ያልሆነውን ሁሉ። አንዱ 180 ሌላው 212 ካለ፣ 32ቱ አስመሳይ ናቸው። ለማስተካከል ኮለሙን መርጣችሁ ዳታ ከሚለው ሪበን (ከላይ ካለው የትዕዛዝ መደዳ) ቴክስት ቱ ኮለምስ ውስጥ ግቡና ምንም ሳትቀይሩ ፊኒሽ በሉት፤ አብዛኛውን ጊዜ ይለወጣሉ። እምቢ ካሉ ከኋላቸው ባዶ ቦታ ተለጥፎባቸው ይሆናል፤ ሌን የሚባለው ፎርሙላ ርዝመቱን ይነግራችኋል። "45" ርዝመቱ 3 ከሆነ ሌባው ተያዘ።

በነገራችን ላይ፣ ቁጥር መኖር ያለበት ቦታ የ# (ፓውንድ) ምልክት ሲደጋግም ከሰማችሁ ምንም አልጠፋም። ኮለሙ ጠብቦ ነው። አልትን ተጭናችሁ ልቀቁና ኤች፣ ኦ፣ አይ በተከታታይ ተጫኑ፤ ኮለሙ ለይዘቱ በልኩ ይሰፋል።

ሶርት ማድረግ (ዝርዝሩን በተራ መደርደር) እፈራለሁ። ልክ ነኝ?

ትንሽ መፍራት ጥሩ ነው። የራሴን ላውራላችሁ። አንድ ጊዜ ስም በግራ፣ ውጤት በቀኝ ያለበት ዝርዝር ተላከልኝ። የላከው ሰው መሃል ላይ አንዲት ቀጭን ባዶ ኮለም አስገብቷል፤ ለዓይን እንዲያምር ነው። እኔ ስሞቹ ላይ ቆሜ በፊደል ተራ ደረደርኩ። ኤክሴል አንድ ሴል ላይ ቆማችሁ ሶርት ስትሉት ዳታው የት እንደሚያበቃ ራሱ ይገምታል፣ ባዶ ኮለም ሲያጋጥመው "እዚህ ጋ አለቀ" ይላል። ስሞቹ ተደረደሩ፣ ውጤቶቹ እዚያው ቀሩ። ምንም ማስጠንቀቂያ የለም። ፋይሉን ሴቭ አድርጌ ዘግቼ ላክሁት። ሁልጊዜ አንደኛ የሚወጣው ልጅ 31 አምጥቶ ሲገኝ ነው ጉዱ የወጣው። ፋይሉ ከተዘጋ በኋላ ኮንትሮል+ዜድ የለም፤ የዳንኩት የመጀመሪያው ኢሜይል ስላልጠፋ ነው።

አሁን ከሶርት በፊት ኮንትሮል+ኤ ተጭኜ ስክሪን ሪደሩ ከየት እስከ የት እንደተመረጠ ሲናገር እሰማለሁ። ክልሉ ኮንትሮል+ኤንድ ከነገረኝ ካነሰ መሃል ላይ ክፍተት አለ። ክፍተቱን አጥፍቼ ኮንትሮል+ቲ ተጭኜ ዝርዝሩን ቴብል አደርገዋለሁ። ቴብል ከሆነ በኋላ ረድፉ እንዳለ ነው የሚንቀሳቀሰው። በዚያ ላይ ኮፒ ሳላስቀር ሶርት አላደርግም፤ ኤፍ 12 ብሎ በሌላ ስም ማስቀመጥ ስንት ሰከንድ ይፈጃል?

ፊልተርስ?

ፊልተር ለእኛ ከሁሉም በላይ የሚጠቅም ነገር ነው ብል አላጋነንኩም። 340 ረድፍ ከመስማት 12 መስማት ይሻላላ። ኮንትሮል+ሺፍት+ኤል ያበራል፣ ያጠፋልም። ርዕሱ ያለበት ሴል ላይ ሆናችሁ አልት+ታች ቀስት ስትሉ ሜኑው ይከፈታል። ዝርዝሩን በስፔስ እያነሱ እየጣሉ መሄድ አሰልቺ ነው። ኢ የምትለዋን ፊደል ተጫኑ፣ መፈለጊያው ላይ ትወስዳችኋለች፤ የምትፈልጉትን ቃል ጽፋችሁ ኢንተር።

ከተጣራ ዝርዝር ላይ ስትገለብጡ የተደበቀው አብሮ እንዳይመጣ ከመረጣችሁ በኋላ አልት+ሴሚኮለን በሉ፤ የሚታዩትን ብቻ ይመርጣል።

ማየት የሚችሉ የሥራ ባልደረቦቼን ምን ብዬ ልለምናቸው?

ሦስት ነገር። አንደኛ፣ ሴሎችን አታዋህዱ። ከኤ1 እስከ ኤፍ1 ተዋህዶ ትልቅ ርዕስ ሲሆን ያምራል፣ ከሥሩ ያለውን ኮለም ልምረጥ ስል ግን ስድስቱም ይመረጡብኛል፤ ሶርትም አንዳንዴ በዚህ ምክንያት አሻፈረኝ ይላል። መሃል ላይ ማድረግ ከፈለጉ ኮንትሮል+1 ውስጥ፣ አላይንመንት ሥር "ሴንተር አክሮስ ሰሌክሽን" የሚባል አለ፤ ሲታይ አንድ ነው፣ ሴሎቹ ግን አይዋሃዱም።

ሁለተኛ፣ በቀለም ብቻ አትናገሩ። "ቀይ የሆኑት ያልከፈሉ ናቸው" ተብሎ ፋይል ይላካል። የኤንቪዲኤ ቁልፍ+ኤፍ የአንድን ሴል ቀለም ይነግረኛል፣ እውነት ነው፤ 500 ሴል ላይ እሱን ስጫን ልዋል? ፊልተር ውስጥ በቀለም መለየትም አለ፣ እሱ ያወጣል። ግን "ሁኔታ" የሚል አንድ ኮለም ጨምረው "ያልከፈለ" ብለው ቢጽፉበት ቀለም ለማይለየው ዓይናማም ይጠቅማል። ሦስተኛዋን ነግሬያችኋለሁ፣ ለውበት ብላችሁ ባዶ ኮለም አታስገቡ።

"ተደራሽ አድርጉልኝ" ብላችሁ አትለምኑ። ማንም ምን ማድረግ እንዳለበት አይገባውም። እንዲህ አንድ በአንድ ስትነግሯቸው ግን አብዛኛው ሰው ያደርገዋል።

ቻርት ማንበብ ይቻላል?

በመጠኑ። ቻርቶቹ የኤንቪዲኤ ቁልፍ+ኤፍ 7 ዝርዝር ውስጥ ይወጣሉ። እኔ ግን ቻርቱ የተሠራበትን ዳታ ፈልጌ እሱን ነው የማነበው። መሥራት ቀላል ነው፤ ዳታውን መርጣችሁ አልት+ኤፍ 1 ስትሉ ይሠራል። አምሮ ይሁን አይሁን ዓይናማ ጠይቁ፣ እዚህ ላይ ኩራት አያስፈልግም።

ጉግል ሺትስ ላይስ?

ይሠራል። መጀመሪያ ኮንትሮል+አልት+ዜድ ተጭናችሁ የስክሪን ሪደር ድጋፉን አብሩ፣ ያለዚያ ብዙም አያወራም። ኤንቪዲኤ ፎከስ ሞድ ላይ (የምትጫኑትን ቁልፍ ለገጹ በሚያሳልፍበት ሁኔታ) መሆን አለበት፤ የኤንቪዲኤ ቁልፍ+ስፔስ ይቀያይረዋል። ሜኑ ውስጥ ከመዳከር አልት+/ ብላችሁ የምትፈልጉትን ትዕዛዝ መጻፍ ይቀላል። ብዙ ሰው አብሮ የሚሞላው ፋይል ከሆነ እዚያው እሠራለሁ። ብቻዬን የምሠራው ከባድ ሥራ ከሆነ ግን አውርጄ ኤክሴል ላይ እጨርሰዋለሁ፣ ፈጠን ይልልኛል።

አማርኛ የተጻፈበትን ሴል ያነብልኛል?

የመረጣችሁት ድምፅ አማርኛ ከቻለ ያነባል። ከኤንቪዲኤ ጋር የሚመጣው ኢስፒክ ኤንጂ የተባለው የንባብ ድምፅ አማርኛ አለው። ድምፁ ሮቦት ሮቦት ይላል፣ ግን ይሰማል። አንድ ኮለም አማርኛ ሌላው እንግሊዝኛ በሆነ ሺት ላይ ግን በየሴሉ ቋንቋ እየቀየረ እንዲያነብ አትጠብቁ። እኔ አማርኛ ለሚበዛበት ፋይል ሌላ ፕሮፋይል አዘጋጅቼ እሱን በእጄ አበራለሁ።

ስልክ ላይ?

ለማየት ያህል እሺ። ለሥራ ግን ኪቦርድ ያለው ነገር ፈልጉ።

ፋይሉን ከመላኬ በፊት ምን ላረጋግጥ?

ሰው ፊት የሚያሳፍሩት ብዙውን ጊዜ እኛ የማንሰማቸው ነገሮች ናቸው። ሁሉንም በኮንትሮል+ኤ መርጣችሁ በአልት፣ ኤች፣ ኦ፣ አይ ኮለሞቹን አስፉ፤ ለእናንተ ጥርት ብሎ የሚነበበው ስም ለዓይናማው ግማሹ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። ኤፍ 7 ብላችሁ የፊደል ስህተት ፈልጉ። ሪቪው ከሚለው ሪበን ውስጥ "ቼክ አክሰሲቢሊቲ" አለ፣ እሱም የተዋሃዱ ሴሎችንና መግለጫ የሌላቸውን ሥዕሎች ያወጣላችኋል። ለሺቶቹም ስም ስጡ፣ "ሺት 1" ምንም አይናገርም።

በመጨረሻ እያንዳንዱ ሺት ላይ ኮንትሮል+ሆም እያላችሁ ወደ መጀመሪያው ሺት ተመለሱና ሴቭ አድርጉ። ኤክሴል ፋይሉን የሚከፍተው ሴቭ ስታደርጉ የነበራችሁበት ቦታ ላይ ነው። ረድፍ 9,000 ላይ ሆናችሁ ሴቭ ካደረጋችሁ ተቀባዩ ከፍቶ ነጭ ገጽ ያያል፣ "ባዶ ፋይል ነው የላክሽልኝ" ብሎ ይደውላል። ተደውሎልኛል።